ጂሙ (ንጉሠ ነገሥት)

ጂሙ በጃፓን ልማዳዊ ታሪክ መጀመሪያው የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ነበረ። በዚሁ ልማድ ከ660 እስከ 585 ዓክልበ. ድረስ ገዛ። የዛሬ ታሪክ ሊቃውንት ግን አብዛኞቹ የአፈ ታሪክ ሰው እንደ ሆነ ያምናሉ። ስለ ጂሙ የሚተርኩት ዋና ጥንታዊ መጻሕፍት «ኮጂኪ» (712 እ.ኤ.አ.) እና «ኒሆን ሾኪ» (720 እ.ኤ.አ.) ሲሆኑ፣ ሁለቱም ነገሠ ከተባለበት ዓመት ከ1300 ዓመታት በላይ ቆይተው ተጻፉ።

አፈ ታሪክ

በትውፊቱ ጂሙ ከፀሐይ እንስት አምላክ ከአማተራሱ ዘር ተወለደ። በ45 ዓመቱ ከወንድሞቹ ጋር በክዩሹ ደሴት ካለው ከሂዩጋ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። በዛሬው ኦሳካ አቅራቢያ ናጋሱነሂኮ የሚባል አለቃ ድል አደረጋቸው፤ ታላቅ ወንድሙ ኢጹሴም በቀስት ቆሰለ። «የፀሐይ ልጆች ስንሆን ወደ ፀሐይ ዞረን መዋጋታችን ስህተት ነው» ብለው ፀሐይን ከኋላቸው ለማድረግ በባሕር ዞረው ሄዱ። ኢጹሴ በቁስሉ ሞተ፤ ጂሙ ግን ያታጋራሱ የተባለ ቁራ በተራሮቹ መካከል እየመራው ያማቶ አገር ደረሰ። በካሺሃራም ዙፋን ላይ ተቀመጠ። በኒሆን ሾኪ ዘንድ በ127 ዓመቱ፣ በኮጂኪ ዘንድ በ137 ዓመቱ አረፈ።

የዘመኑ አቆጣጠር

ሊቁ ናካ ሚቺዮ እንዳስረዳው፣ 660 ዓክልበ. የተገኘው በቻይናዊው የ60 ዓመት ዑደት ስሌት ነው። በዚህ ሀሳብ 21 ዑደቶች ወይም 1260 ዓመታት ሲሞሉ ታላቅ ለውጥ ይሆናል፤ ጸሐፊዎቹም ከ601 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ቆጠሩ። የቀድሞ ነገሥታት ዕድሜ እጅግ የረዘመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ይመስላል። ከጂሙ ቀጥሎ ስላሉት ስምንት ነገሥታት፣ ከሱይዜይ እስከ ካይካ፣ ከትውልድ ሐረግ፣ ከቤተ መንግሥትና ከመቃብር ሥፍራ በቀር የሚተረክ ጥቂት ነው። አሥረኛው ሱጂን ግን በእውነት የኖረ ንጉሥ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

በአዲስ ዘመን

የሜይጂ መንግሥት በ1873 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11ን የጂሙ ንግሥ በዓል አደረገው። በ1940 እ.ኤ.አ. «2600ኛው ዓመት» በአገሩ ሁሉ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተከበረ። በዚያው ዓመት፣ ስለ ቀድሞ ነገሥታት የተጻፈው በኋላ ዘመን የተቀናበረ ነው ያለው ፕሮፌሰር ጹዳ ሶኪቺ መጻሕፍቱ ታገዱ፤ በ1942 እ.ኤ.አ. የንጉሣዊውን ቤተሰብ ክብር ነክቷል ተብሎ ተፈረደበት። ከጦርነቱ በኋላ ግን የእሱ ዘዴ በጃፓን ታሪክ ጥናት ተቀባይነት አገኘ።

በዓሉ በ1948 እ.ኤ.አ. ተሽሮ በ1966 እ.ኤ.አ. «የአገር ምሥረታ መታሰቢያ ቀን» ተብሎ ተመለሰ። የነገሥታቱ ቁጥር እስካሁን ከጂሙ ስለሚጀምር፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የነገሡት ናሩሂቶ 126ኛው ንጉሠ ነገሥት ይባላሉ።