የመኮንኑ መንገድ ከትምህርት ቤት ይጀምራል፦ ሆለታ፣ ሐረርና ዌስት ፖይንት

አንድ ሠራዊት መኮንኖቹን ከየት እንደሚያመጣ ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ መልሱ የአንድ ጦር ትምህርት ቤት ስም ነው። ይሁንና ጦር ትምህርት ቤት በሩን የሚከፍተው ሌላ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ላዘጋጀው ወጣት ነው። ማን ሒሳብ ተማረ፣ ማን የውጭ ቋንቋ ቻለ፣ ማን ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቀ የሚሉት ጥያቄዎች ከዓመታት በኋላ ማን እንደሚያዝ ይወስናሉ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን በሁለት ጦር ትምህርት ቤቶች ዕጣ በግልጽ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ዕጩ መኮንኖች

የጣሊያን ወረራ እየተቃረበ በመጣበት በ1935 መጀመሪያ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ሆለታ የገነት ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። የሥልጠናው ጊዜ አጭር መሆኑ እየታወቀ ምልመላው ያተኮረው በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በፈረንሳይኛ ተምረው በነበሩ ወጣቶች ላይ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ካርታ ማንበብን፣ የመድፍ ተኩስ ስሌትንና የጽሑፍ ትእዛዝን በጥቂት ወራት ማስተማር የሚቻለው ቋንቋና ሒሳብ አስቀድሞ ለገባው ተማሪ ብቻ ነው።

ሥልጠናው ሳይጠናቀቅ ጦርነቱ ደረሰ። በሚያዝያ 1936 መጨረሻ፣ የሰሜኑ ግንባር ከፈረሰ በኋላ፣ ዕጩ መኮንኖቹ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ጣርማበር ላይ ለመከላከል ሞከሩ። ከዚያም ከፊሎቹ ወደ ምዕራብ ተጉዘው በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የተቋቋመውን የጥቁር አንበሳ ድርጅት ተቀላቀሉ። የድርጅቱ አሥር ነጥብ ያለው ሕገ ደንብ የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ መሆኑን ደነገገ፤ በገበሬና በምርኮኛ ላይ ግፍ እንዳይፈጸምም ከለከለ። በሽንፈት መካከል የቆሙ ወጣቶች እንዲህ ያለ ሰነድ ማዘጋጀታቸው የተኩስ ልምምድ ውጤት ብቻ ሊሆን አይችልም። በመማሪያ ክፍል ያገኙት ዕውቀትም አሻራው አለበት።

የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ከተሞከረው ግድያ በኋላ ግን ፋሺስቱ አስተዳደር የተማረውን ወጣት እየለየ ፈጀ፤ ከሟቾቹም መካከል የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። ከተረፉት ውስጥ ሙሉጌታ ቡሊና መንግሥቱ ንዋይ ከነጻነት በኋላ እስከ ጄኔራልነት ደርሰዋል። በታኅሣሥ 1960 መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ መሪ ሲሆን፣ ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ታጋቾች አንዱ ሆነ። የአንድ ትውልድ የተማረ ወታደር ምን ያህል ጥቂት እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አንድ ማዕረግ፣ ሁለት በር

ከነጻነት በኋላ የመንግሥት ችግር የአስተማሪ ወይም የመሣሪያ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ወጣት ራሱ ብርቅ ነበር። የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1943፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1946፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ በ1950 ተከፈቱ። ከእነዚህና ከጥቂት መሰሎቻቸው የሚወጣውን ተማሪ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ኮሌጁ፣ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል ሁሉም ይሹት ነበር።

በሐረር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር አካዳሚ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ይህን ሽሚያ ተቀላቀለ። አካዳሚው በህንድ መኮንኖች የሚመራ ነበር፤ ምልምሎቹ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁ ወጣቶች፣ ኮርሱም የሦስት ዓመት ነበር። ከወታደራዊው ሥልጠና ጎን ለጎን የቀለም ትምህርት ይሰጥ ስለነበር፣ ከዚያ የሚወጣው ምክትል መቶ አለቃ የኮሌጅ ደጅ እንደረገጠ ሰው ይቆጠር ነበር።

ሆለታ በበኩሉ መልኩን ለወጠ። ከጦርነቱ በፊት የምሁራን ትምህርት ቤት የነበረው ተቋም አሁን በአመዛኙ ከሠራዊቱ ውስጥ ለተመለመሉ ባለሌላ ማዕረጎችና ወታደሮች ክፍት ሆነ። ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃን አላጠናቀቁም፤ ኮርሱም አጠር ያለ ነበር። ስለዚህ በአንድ ክፍለ ጦር ውስጥ አንድ ዓይነት ኮከብ በትከሻቸው ያደረጉ፣ ነገር ግን በተለያየ በር የገቡ መኮንኖች ጎን ለጎን ተሰለፉ። አንደኛው የፈተና ውጤቱን፣ ሌላኛው የምሽግ ልምዱን የማዕረጉ ማስረጃ አድርጎ አየው።

የመግቢያውን መመዘኛ ከፍ ማድረግ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ችግሩ መመዘኛውን ማሟላት የሚቻልበት ዕድል በአገሪቱ እኩል አለመዳረሱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር፣ የፈተና ወረቀት የተማሪውን ችሎታ ብቻ ሳይሆን የትውልድ ቀዬውንም ይመዝናል። መንግሥትም ብርቱውን የገጠር ወታደር እስከ ከፍተኛው በር ድረስ ከማስተማር ይልቅ ዝቅ ያለ ሌላ በር ከፈተለት።

በ1974 በነገሌ ቦረና የተጀመረው የወታደሮች አመፅ መነሻው የምግብና የውሃ በደል ነበር እንጂ የትምህርት ጥያቄ አልነበረም። በሰኔ የተቋቋመው ደርግ ግን ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለውን ሰው አላካተተም። በመጨረሻ አሸንፎ የወጣውም ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ በሆለታ በኩል መኮንን የሆነው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበር። አብዮቱን የሁለት ትምህርት ቤቶች ፉክክር አድርጎ መተረክ ታሪክን ማሳነስ ነው። ነገር ግን ለዓመታት የተጠራቀመ የመናናቅ ስሜት የመንግሥት ሥልጣን ሲላላ ምን ያህል ፖለቲካዊ ጉልበት እንደሚያገኝ መዘንጋት አይገባም። የሐረሩ አካዳሚ በ1977፣ በሶማሊያ ወረራ ወቅት፣ ተዘጋ።

ድልድይ የሠራ ሌላ አገር

አሜሪካም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግላለች። በ1802 ለተመሠረተው ዌስት ፖይንት ኮንግረሱ በ1812 ያወጣው የመግቢያ መስፈርት ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ መቻል ብቻ ነበር። መስፈርቱ ዝቅ ያለው አገሪቱ በቂ ትምህርት ቤት ስላልነበራት ነው። በ1877 የመጀመሪያው ጥቁር ተመራቂ የሆነው ሄንሪ ፍሊፐር በባርነት ተወልዶ ነበር፤ ለዌስት ፖይንት ሲታጭ ግን በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። ከባርነት መውጣት ማግስት ትምህርት ቤት ባይከፈትለት ኖሮ ዕጩነቱ ባልታሰበም ነበር።

ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ1916 የወጣ ሕግ ተራ ወታደሮች ለዌስት ፖይንት እንዲታጩ ፈቀደ። በ1946 ደግሞ ሠራዊቱ ለአካዳሚው የሚያዘጋጅ ቋሚ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ዛሬም ተስፋ የተጣለበት ነገር ግን በሒሳብ ወይም በእንግሊዝኛ የደከመ ወጣት በዚያ ለአሥር ወራት ያህል ይማራል። በዚያው በ1946 ባሕር ኃይሉ፣ በ1964 ደግሞ ምድር ጦሩ፣ በሲቪል ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሠለጥኑ ዕጩ መኮንኖች ስኮላርሺፕ ዘረጉ። መመዘኛው እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ወደ እርሱ የሚያደርሱት መንገዶችም በዙ። መዳረሻው ግን አንድ ሆኖ ቆየ፤ በመሰናዶው በኩል የመጣው ወጣት የሚመረቀው ከሌሎቹ ጋር፣ በዚያው ፈተናና በዚያው ዲፕሎማ ነው።

ይህ ታሪክ በአሜሪካ ለሚያድጉ ልጆቻችንም የቀረበ ነው። ለአካዳሚዎቹ ማመልከት የሚታሰበው በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ይሁን እንጂ፣ ዕጣው መወሰን የሚጀምረው በዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ምደባ ነው። የአራት ዓመት እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከቤተ ሙከራ ጋር መማር ይመከራል፤ የአካል ብቃት ፈተና፣ የሕክምና ምርመራ፣ በመግቢያው ቀን የተረጋገጠ ዜግነት ደግሞ ያስፈልጋል። ከባሕር ጠረፍ ጥበቃው አካዳሚ በቀር የኮንግረስ አባል ወይም የሌላ ባለ ሥልጣን እጩነትም ይጠየቃል። የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ይህን እጩነት አይጠይቅም። ሁለቱም መንገዶች ግን የዓመታት የአገልግሎት ግዴታ ያስከትላሉ፤ ስለዚህ ውሳኔው ከክፍያ ነጻ መሆኑን ብቻ አይቶ የሚገባበት አይደለም።

ስለ ወደፊቱ የኢትዮጵያ ሠራዊት የሚወያዩ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት የብሔር ተዋጽኦን፣ የዕዝ ሰንሰለትንና የአካዳሚ ደረጃን ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር በሌለበት ወረዳ የተወለደ ልጅ የአካዳሚው በር በኮታ ቢከፈትለትም፣ ከገባ በኋላ ወደኋላ ይቀራል፤ ወይም ለእርሱ ሲባል መመዘኛው ይወርዳል። ሦስተኛው አማራጭ በወረዳው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ማጠናከርና፣ እስከዚያው ድረስ ደግሞ እውነተኛ የመሰናዶ ዓመት መስጠት ነው። ሐረርና ሆለታ ጎን ለጎን በቆሙበት ዘመን ያልተሞከረው ይህ ነበር።