የሐርጌሳ በርጫ

ሰው ጭንቀቱን የሚያራግፍበትና ለኑሮው ትርጉም የሚፈልግበት መንገድ ከዘመን ዘመን እንዴት እንደሚለዋወጥ ለመረዳት፣ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ የጫት መቃም ልማድ ያለፈበትን ታሪክ መከተል ይጠቅማል። ቅጠሉ ዛሬም እንደ ጥንቱ ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ያው ቅጠል ነው፤ የተለወጠው ሰዎች ተሰባስበው የሚቅሙበት ሥርዓት፣ ማለትም በርጫው ነው። ስለ ጫት ከተጻፈው ብዙው ወይ ቅጠሉ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን፣ ወይ ነጋዴው የሚያገኘውን ትርፍ የሚመረምር በመሆኑ፣ ቃሚውን ከቃሚ ጋር ያስተሳስር የነበረው ሥርዓት መላላቱ ሳይስተዋል ቀርቷል፤ የሐርጌሳ ታሪክ ግን ከቅጠሉ ይልቅ በዚህ መላላት የሚብራራ ይመስላል።

ጫት በአካባቢው ሙስሊሞች ዘንድ የቆየ ነገር መሆኑን የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይመሰክራል፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ መፎከሩ እዚያ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ደግሞ የከተማዋ ዑለማ፣ ማለትም የሃይማኖት ሊቃውንት፣ ጫትን እንቅልፍ የሚያባርርና ልብን የሚያነቃ አድርገው በክብር ሲይዙት አይቷል። ሐርጌሳም የተወለደችው ከዚህ ከሐረር የትምህርት ዓለም ነው። በ1825 ገደማ ተወልደው በ1918 ያረፉት ሼኽ መዳር በሐረር ተምረው፣ የቃዲሪያ ጠሪቃ፣ ማለትም በሼኽ ዐብዱልቃድር አልጀይላኒ ስም የሚጠራው የሱፊ መንገድ፣ ተከታይ ከሆኑ በኋላ ከበርበራ ወደ ሐረር በሚያልፈው የሲራራ መንገድ ላይ ጀማዓ መሠረቱ። ጀማዓ ማለት ከተለያየ ጎሳ የመጡ ሰዎች የዘር ቂማቸውን ውጭ ትተው ማሽላ እያረሱ፣ ቁርኣን እየቀሩና መንገደኛ እያስተናገዱ አብረው የሚኖሩበት የሃይማኖት ሰፈር ሲሆን፣ ድርቅና የጎሳ ጠብ ሲያስጨንቀው ለኖረ አርብቶ አደር መጠጊያም መልስም ነበር። በሶማሌ ሱፊዎች ዘንድ ጫት ዋነኛ ቦታው ሌሊቱን ሙሉ የሚዘለቅበት ዚክር፣ የፈጣሪን ስም እየደጋገሙ የሚወደስበት ጸሎት ነበር። የወሎና የሐረር አንባቢ ሐድራ ብሎ የሚያውቀው ይኸው ነው፤ ከመቃሙ በፊት ዱዓ ይደረጋል፣ ሼኹ ይመርቃሉ፣ ሌሊቱም መጀመሪያና መጨረሻ አለው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በጭነት መኪና ነው። ሶማሌላንድን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች በ1941 የግዛታቸውን መዲና ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ሲያዛውሩ፣ ከአርብቶ አደርነት የወጣ ጸሐፊ፣ ወታደር፣ ሾፌርና ነጋዴ ከተማዋን ሞላ፤ በ1943 የሬዲዮ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በዚያው አሥር ዓመት ሾፌሩ ዐብዲ ሲኒሞ በልዎ የተባለውን አጭር የፍቅር ዜማ ሲያስፋፋ፣ ዐብዱላሂ ቀርሼ ደግሞ ዑዱን ይዞ ዘመናዊውን የሶማሊኛ ዘፈን አቀና። ጫት ትኩስነቱ በሁለት ቀን ውስጥ የሚያልቅ ቅጠል በመሆኑ፣ በግመል የማይደርስበትን ገበያ በመኪና ደረሰበት፤ በ1975 ተለይቶ የታወቀውና ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማ ውሁድ ስለሚለወጥ፣ ቃሚው ዕለት በዕለት ትኩስ ካልመጣለት አይረካምና። እንግሊዞች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደጋግመው ከለከሉ፤ አልሆነላቸውም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ክልከላውን ትተው ወደ ፈቃድና ቀረጥ ዞሩ። ክልከላው ያመጣው ነገር ቢኖር መቃምን የእምቢተኝነት ምልክት ማድረጉ ነው፤ በተለይ በ1954 በተፈረመው ስምምነት ሐውድ የተባለው የአርብቶ አደሩ የግጦሽ ምድር ለኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ ከተማዋ በፖለቲካ ስትናጥ፣ የመቃሚያው ክፍል የግጥም፣ የዜናና የክርክር ሸንጎ ሆነ።

የዚህ ዘመን በርጫ፣ ሶማሌዎች መፍረሽ በሚሉት ክፍል ውስጥ፣ አሠራሩ የታወቀ ነበር። ከቀትር ሶላትና ከምሳ በኋላ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፎ የሚቀመጠው ሰው ቦታው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ነው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ በፔርሙዝ፣ ውኃ በጆግ ይቀርባል። ቃሚው ከእንጨቱ ጫፍ ያለውን ለጋውን እየቀነጠሰ በአንድ ጉንጩ ያከማቻል፣ ጠንካራውን ቅጠል ገራባ ብሎ ይጥላል። የመጀመሪያው ሰዓት የሰላምታና የቀልድ ነው፤ ከዚያ ምርቃናው ሲይዝ ወሬው ይሞቃል፣ ዕቅድ ይወጣል፣ ዕዳ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ወደ ማምሻው ሁሉም ወደ ውስጡ ይመለስና ክፍሉ ዝም ይላል። የጭንቀቱ መድኃኒት የቱ ነበር ቢባል፣ ሰው ሁሉ ባለበት የራሱን ጉዳይ አውጥቶ ምክር የሚያገኝበት መካከለኛው ሰዓት ነው ማለት ሳይሻል አይቀርም፤ ቅጠሉ ምላስ ይፈታል እንጂ አይመክርም። ሴቶች ከዚህ ክፍል ውጭ ነበሩ፤ የዕለቱ ገቢ እዚያ ሲቀር ጓዳ ጎዶሎ ሆኖ ያደረበት ቤትም ጥቂት አልነበረም፤ ስለዚህ ያን ዘመን ወርቃማ ነበር ማለት የቃሚውን ወገን ብቻ መስማት ይሆናል።

በርጫው መሰባሰቢያ መሆኑ ግን በኋላ ሐርጌሳን ጨምሮ ሶማሊያን ለገዛው ለአምባገነኑ ለሲያድ ባሬ የሚመች አልነበረም። በ1981 መጨረሻ የሐርጌሳን ሆስፒታል በፈቃደኝነት ሲያጸዱና ሲጠግኑ የነበሩ ወጣት ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች ባለሙያዎች መታሰር ጀመሩ፤ በቀጣዩ የካቲት ፍርድ ሊሰጣቸው ሲል ተማሪዎች ድንጋይ ይዘው ወጡ። ከዚህ በኋላ የሲያድ ባሬ መንግሥት በመጋቢት 1983 ጫትን ማምረት፣ መሸጥና መቃም በሕግ ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት ጤናና ኢኮኖሚ ነበር፤ የሐርጌሳና የአካባቢዋ ሰዎች ግን በዚያ የሚበዛውን የይስሐቅ ጎሳ ነጋዴዎች ለማደህየት የታለመ አድርገው ተረዱት። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1988 መጨረሻ፣ መንግሥቱን የሚወጋው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከተማዋ ሲገቡ፣ የመንግሥት አውሮፕላኖች ከሐርጌሳው ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ደበደቡ። ሕዝቡ በእግር ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ፤ በጅጅጋ አቅራቢያ የነበረው የሐርተሼክ መጠለያ በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ሰው የያዘ ሲሆን የተዘጋው በ2004 ነው።

የሲያድ ባሬ መንግሥት ከወደቀበት ከ1991 በኋላ የተመለሰው ሕዝብ ያገኘው ጣሪያ የሌለው ግድግዳና ፈንጂ የተቀበረበት ግቢ ነበር። ጋአን ሊባህና ሌሎቹ የከተማዋ ወረዳዎች እንደገና የተሠሩት በዚህ ተመላሽ እጅና በውጭ ሀገር ዘመዶቹ ሐዋላ ነው። ጫትም አብሮ ተመለሰ፣ ያውም ያለ ክልከላ፤ በሐረርጌው የአወዳይ ገበያ ሌሊት የታሰረው ጫት በፈጣን መኪኖች በጅጅጋና በወጃሌ አልፎ በማግስቱ ሐርጌሳ ይደርሳል። ሻጮቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ባላቸውን ጦርነቱ የወሰደባቸው ወይም ሥራ አጥቶ የተቀመጠባቸው ናቸው። ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው በመንገድ ዳር መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከ2009 ወዲህ ገዢው ዛድ በተባለው የሞባይል ገንዘብ ከኪሱ ብር ሳያወጣ ይከፍላል። መቃሚያውም ወደ መደቡ ጥላ ወረደ፤ ጠዋት የሚጀምር፣ ብቻውን የሚቅም፣ ሐራራውን ለማስታገስ እንጂ ለጨዋታ የማይቀመጥ ቃሚ በዛ። ሥራ ያላገኘው ወጣት በአንድ በኩል በኢትዮጵያና በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ የሚወስደው፣ ታህሪብ የሚባለው ሕገ ወጥ ስደት ይጠራዋል፤ በሌላ በኩል መደቡ አለ።

ይህ ያስከተለው ጉዳት በአኃዝ ተለክቷል። በ2005 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት በሐርጌሳ 4,854 ሰዎችን አካቶ፣ ከወንዶቹ 8.4 በመቶው፣ ከሴቶቹ ደግሞ 1.9 በመቶው ከባድ የአእምሮ ችግር እንዳለባቸው አመለከተ፤ በወንዶቹ ዘንድ ችግሩ በለጋ ዕድሜ መቃም ከመጀመርና አብዝቶ ከመቃም ጋር ተያይዞ ታየ። ጦርነቱን ከጫቱ ለይቶ መመዘን አስቸጋሪ ነው፤ ሰላም አጥቶ ያደገ ወጣት ሕመሙ ይሁን ማስታገሻው ቀድሞ የመጣው በቀላሉ አይለይም። ዒላጅ በሚባሉት፣ በቁርኣን ንባብ በሚታከምባቸው ቦታዎችና በግል የአእምሮ ሕክምና ማዕከላት ሕሙማን በሰንሰለት ታስረው እንደሚገኙ ሂውማን ራይትስ ዎች በ2015 አስታውቋል። ብዙውን ጊዜ ሕሙማኑን የሚያስገቡትና የሚከፍሉላቸው ቤተሰቦቻቸው ናቸው።

የሴቶቹ ጭንቀት በዚህ ሁሉ የተመዘገበው በጥቂቱ ነው፤ የራሳቸው መሰባሰቢያ ግን ነበራቸው። ሲታድ የሚባለው፣ በሐርጌሳና በጅቡቲ የታወቀው የሴቶች ዚክር፣ እጣን እየጨሰ፣ ቡና እየተፈላና ከበሮ እየተመታ ሐዋን፣ ፋጢማንና ሌሎች የእምነቱን እናቶች የሚያወድስና ከእነርሱ እርዳታ የሚለምን ነው፤ ምጥ የያዛት፣ ልጅ የጠፋባት፣ ባሏ የራቃት ችግሯን በስም ጠርታ ታቀርባለች። የሱፊን ልማድ ቢድዓ፣ ማለትም በሃይማኖት ላይ የተጨመረ ፈጠራ፣ የሚሉ ሰባኪዎች እየበረቱ ሲመጡ ሲታድም ተነቀፈ። ጫትም በእነዚሁ ሰባኪዎች አንደበት ተወግዟል፤ ነገር ግን አስመጪና ሻጭ ያለው፣ ለመንግሥት ግምጃ ቤትም ቀረጥ የሚያስገባ በመሆኑ ውግዘቱ አልጎዳውም።