ማንኛውም ሌላ አትክልት

ባለፈው ነሐሴ ከማኅበራችን አባላት ሦስቱ፣ ከተከራየነው የአትክልት ቦታ አጠገብ ባለው የእንግሊዝ መንደር በየዓመቱ በሚካሄደው የአትክልት፣ የአበባና የእጅ ሥራ ውድድር ላይ ተካፍለው ነበር። አንዷ ጎመን፣ ሁለተኛዋ ድፎ ዳቦ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ከአገር ቤት በመጣ አለላ የሰፋችውን ሙዳይ ይዘው ሄዱ። ጠዋት ያመጡትን በየመደቡ አስቀመጡ፤ እንደ ደንቡም ሰው ሁሉ ከአዳራሹ ወጣና ዳኞቹ በር ዘግተው ሥራቸውን ጀመሩ። ከቀትር በኋላ በሩ ሲከፈት ሙዳዩ አጠገብ የሁለተኛነት ካርድ ተቀምጧል። ድፎው መሐሉ ተቆርሶ ተቀምሷል፤ ደረጃ ግን አላገኘም። የጎመኑ ካርድ ላይ ሦስት ፊደላት ብቻ ተጽፈዋል፦ ኤን ኤ ኤስ።

የጎመኑ ባለቤት ፊደላቱን ስታይ «ታሟል፣ አይበላም» የተባለ መስሏት ጎመኗን በፌስታል ጠቅልላ ልትወጣ ነበር። አንዲት አረጋዊት አስተናባሪ አስቁመው አስረዷት። ነገሩ «ከዝርዝሩ ጋር አይስማማም» ማለት ነው። «ማንኛውም ሌላ አትክልት» በሚለው መደብ ሥር ስድስት ይቅረብ ይላል፤ እሷ ግን እንደ ገበያችን ልማድ አንድ ጥሩ እስር አስራ፣ ላዩ ላይም ጥቂት ቅጠል ጨምራ ነበር። በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ስትናገር፣ «ምራቂ ጨምሬ ነው የተቀጣሁት» አለች። ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሁለት ወር ሙሉ ውኃ ያጠጣችው ጎመን ነው።

በዚያው ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ። ለውድድሩ ኮሚቴ ደብዳቤ ጽፈን «የውጭ አገር አትክልት» የሚባል ለብቻው የሆነ መደብ እንዲከፈትልን እንጠይቅ የሚል ነው። ብዙዎቻችን እጃችንን አወጣን። ደብዳቤው ግን እስካሁን አልተጻፈም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከመወሰናችን በፊት ያ የውድድር ዝርዝር ከየት እንደመጣ፣ መደቦቹንስ ማን ለማን እንዳወጣቸው አባላትም ረጂዎቻችንም እንዲያውቁት ብለን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው እንደሚያስበው ይህ ነገር በጌቶች ግቢ ብቻ የተጀመረ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው አበባ እያሳደጉ፣ በመጠጥ ቤት ተሰብስበው ይወዳደሩ ነበር። በዮርክ ከተማ በ1768 የተቋቋመው የአበባ ወዳጆች ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። በዮርክሸር ኤግተን ብሪጅ በምትባል መንደር ደግሞ ከ1800 ጀምሮ ጉዝቤሪ የሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ በሚዛን ይወዳደራል፤ ማማር አይቆጠርለትም፣ የከበደው ያሸንፋል። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ዓይነት ውድድር የተለመደው ሽልማት የመዳብ ማንቆርቆሪያ ነበር። ሰዎቹ ድሆች ቢሆኑም ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ነበሩ። ሴቶች ግን እምብዛም አይታዩበትም፤ ስብሰባው መጠጥ ቤት ውስጥ ነውና።

ጌቶቹ የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1804 ለንደን ውስጥ በአንድ መጻሕፍት መደብር ተሰብስበው ነው። ዛሬ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የሚባለው፣ ከ1913 ጀምሮ የቼልሲን የአበባ ትርዒት የሚያዘጋጀው ድርጅት ያ ነው።

የመንደሩ ውድድር ግን የመጣው በሌላ መንገድ፣ ከረኀብና ከፍርሃት ነው። በ1830 በደቡብ እንግሊዝ የእርሻ የቀን ሠራተኞች ተነሥተው የመውቂያ መኪና ሰበሩ፣ ክምር አቃጠሉ። መሬት የላቸውም፤ የሚያርሱት ለሌላ ነው። ጭሰኛ ስንል እኛ የምንረዳው ያው ባይሆንም ኑሮው ይቀራረባል። ከዚያ በኋላ ነው ባለርስቶችና ቀሳውስት ለሠራተኛው ትንሽ ቁራሽ መሬት በኪራይ ይሰጠው የሚለውን ሐሳብ ይበልጥ የገፉበት። እኛ ዛሬ አሎትመንት እያልን ሽንኩርት የምንተክልበት መሬት ታሪኩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ኪራዩ ግን ብዙ ጊዜ ከነምክሩ ነበር፦ በእሑድ አትቆፍር፣ ቤተ ክርስቲያን አትቅር፣ አትስከር።

ከእነዚያ ቀሳውስት መካከል አንዱን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ጆን ስቲቨንስ ሄንስሎ በካምብሪጅ የዕፅዋት ፕሮፌሰርና የቻርልስ ዳርዊን መምህር ነበሩ። ከ1837 ጀምሮ በሰፎክ አውራጃ ሂቻም የምትባል ድሃ መንደር ቄስ ሆኑ። ለሠራተኞቹ አሎትመንት ሲያከፋፍሉ የተቃወሟቸው መሬት የያዙት ገበሬዎች ናቸው፤ የራሱ ጓሮ ያለው ሠራተኛ ለእኛ ጉልበቱን ይቆጥባል ብለው፣ አሎትመንት ለያዘ ሰው ሥራ አንሰጥም እስከ ማለት ደረሱ። ሄንስሎ አልተመለሱም። የድንች በሽታ በገባ ጊዜ ከበሰበሰው ድንች ስታርች እንዴት እንደሚወጣ ለምእመናኑ አሳዩ። በቤታቸው ግቢ ባለው መስክ ላይ ድንኳን አስተክለው፣ ሠራተኞቹ ያመረቱትን የሚያወዳድሩበት ዝግጅት አደረጉ፤ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሕፃናት የዕፅዋት ትምህርት ሰጡ፣ የሜዳ አበባ ለቅመው ለሚያመጡም ሽልማት አወጡ። ከተማሪዎቻቸው አብዛኞቹ ሴት ልጆች ነበሩ። እነዚያ ልጆች አድገው አገልጋይ ወይም የሠራተኛ ሚስት ከመሆን ሌላ ብዙ በር አልተከፈተላቸውም ይሆናል፤ ቢሆንም በመንገድ ዳር ያለውን አበባ ሁሉ በሳይንሳዊ ስሙ ይጠሩት ነበር።

ሌላው ሁሉ እንደ ሄንስሎ አልነበረም። በዚያው ዘመን የነበሩ የእርሻ ማኅበራት ለአንድ ጌታ ብዙ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ፣ የድሆች መርጃ ሳይጠይቅ ብዙ ልጅ ላሳደገ ሰው ሽልማት ይሰጡ ነበር። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ «ልጆቹን የወለደችውስ?» ብላ ጠየቀች። በአትክልት ውድድሮቹም ላይ ዝርዝሩ በመደብ ተከፋፍሎ ነበር፦ የጌቶች አትክልተኞች ለብቻ፣ ሌሎች አማተሮች ለብቻ፣ «የጎጆ ነዋሪዎች» ለብቻ። ይህ መለያየት ሁለት ፊት ነበረው። የመስታወት ቤትና ደመወዝተኛ አትክልተኛ ካለው ጌታ ጋር የቀን ሠራተኛ ሊወዳደር አይችልምና የጎጆ ነዋሪዎች መደብ ባይኖር ድሃው ጭራሽ ወደ ድንኳኑ ባልገባ ነበር። ነገር ግን ገብቶም ያለው እዚያው ጥጉ ላይ ነው። የሠራተኛው ሽንኩርት ከጌታው ሽንኩርት ቢበልጥ እንኳ የሚያውቀው የለም፤ ጠረጴዛቸው ለየብቻ ነውና።

መሬቱን በተመለከተ፣ የ1908 ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለሚፈልግ ነዋሪ አሎትመንት እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለባቸው። ከዚያ በኋላ ቁራሽ መሬት ለማግኘት የቄስም የጌታም በጎ ፈቃድ የግድ አልነበረም። ተራ መጠበቅ ግን አሁንም አለ፤ እኛም ጠብቀናል።

ሴቶቹ መቼ ገቡ? በዳቦውና በጃሙ መደብ ከዱሮም ነበሩ። የውድድሩ አዘጋጅ እየሆኑ የመጡት ግን ዊሜንስ ኢንስቲትዩት የሚባለው የገጠር ሴቶች ማኅበር ከመጣ በኋላ ነው። ይህ ማኅበር የተጀመረው በእንግሊዝ ሳይሆን በካናዳ፣ በ1897 ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ አደሌይድ ሁድለስ ትንሽ ልጃቸው የሞተባቸው እናት ነበሩ፤ ለሞቱ ምክንያት የተበከለ ወተት ነው ብለው ስላመኑ ሴቶች ስለ ምግብና ስለ ንጽሕና እንዲማሩ ሲወተውቱ ኖሩ። በብሪታንያ የመጀመሪያው ማኅበር በ1915 በዌልስ፣ ላንቨርፑል በምትባል መንደር ተቋቋመ። አባላቱ የኮሚቴ አባሎቻቸውን በምስጢር ድምፅ ይመርጡ ነበር። በዚያ ዓመት በፓርላማ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያላት አንዲትም የብሪታንያ ሴት አልነበረችም፤ ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑት ለተወሰኑት በ1918፣ ከወንዶች እኩል ደግሞ በ1928 ነው የተፈቀደው። ስለዚህ አንዳንዷ ሴት ድምፅ መስጠትን የተለማመደችው በመንደር አዳራሽ፣ በጃም ማሰሮ አጠገብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ለነዚህ ሴቶች ስኳር መድቦላቸው ፍሬው በየጓሮው እንዳይበሰብስ አደረጉ። ከ1940 እስከ 1945 ድረስ ከ5,000 ቶን በላይ ፍራፍሬ ጃም አድርገውና በቆርቆሮ አሽገው አቆይተዋል። ሥራው በመንደር አዳራሽና በየወጥ ቤቱ፣ አብዛኛው ያለ ክፍያ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ደንቡ በመጽሐፍ ወጥቶ ጠበቀ። ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የሚያሳትመው የዳኞች መመሪያ ለእያንዳንዱ አትክልት እንደ አስቸጋሪነቱ ነጥብ ይመድባል። ጥቂቱን እንጥቀስ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይጠቅማልና። በሳህን ላይ ያሉት ሁሉ በመጠንም በቅርጽም መንትያ መምሰል አለባቸው፤ አንድ ትልቅ ሽንኩርት መሐላቸው ቢገባ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የሽንኩርቱ አንገት ታጥፎ በክር ይታሰራል። ቲማቲም ከነአረንጓዴ ቆቡ ይቀርባል። ፎሶሊያ ቀጥ ያለ ይሁን። ቪክቶሪያ የሚባለው ኬክ መሐሉ ጃም ብቻ ነው፣ ክሬም የለውም፤ ላዩ ላይ የሽቦ ማቀዝቀዣው ምልክት ከታየ ነጥብ ይቀነሳል። ለእኛ ዋናው ደግሞ ይህ ነው፦ ጎመን ላይ ያለው ነጣ ያለ ሰም መሰል ሽፋን የትኩስነት ምልክት ስለሆነ መነካት የለበትም። እኅታችን ጎመኗን ለእንግዳ እንደሚቀርብ ሁሉ እያገላበጠች አጥባ፣ በጨርቅ አብሳ ነበር የወሰደችው። ቁጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ በዚህ ነጥብ ይቀነስባት ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር በመሐል እናንሣ። በቀድሞ የተሸላሚዎች መዝገቦች ላይ ያገባች ሴት በባሏ ስም ነው የምትጠራው፤ የራሷ ስም የትም የለም። የጋገረችው እሷ፣ የተጻፈው እሱ። እኛ አገር ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ በዚህ አገር ፎርም በሞላን ቁጥር ቢያስቸግረንም የሙዳያችን ካርድ ላይ የሰፊዋ ስም በሙሉ፣ ከነአባቷ፣ ተጽፎ ስናየው ደስ ብሎናል። የፊደሉ አጻጻፍ ትንሽ ቢሳሳትም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። የራሳችን መደብ ይከፈትልን የሚሉት አባላት ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። የጎጆ ነዋሪዎች መደብ ባይኖር ስንቱ ድሃ ሽንኩርቱን ቤቱ ባስቀረ ነበር፤ የኛም እናቶች አዳራሹን ፈርተው የሚቀሩ አሉ። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ እኛ ወደ ሌላው ወገን አዘንብለናል። ለብቻችን ጠረጴዛ ቢሰጠን አንደኛውንም ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እርስ በርስ እንከፋፈላለን፤ የአበሻ ጎመን ከእንግሊዙ አትክልት አጠገብ ተቀምጦ ምን እንደሚመስል ግን ማንም አያይም። ሙዳዩ ሁለተኛ የወጣው የውጭ አገር ስፌት ተብሎ ሳይሆን፣ የእጅ ሥራ ተብሎ ከሹራቡና ከጥልፉ ጋር ተወዳድሮ ነው። አንደኛ የወጣውን ዳንቴል አይተነዋል፤ ይገባዋል።

ስለዚህ ለጥቅምቱ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ሌላ ነው። የውድድሩ ዝርዝር ገና በጸደይ እንደወጣ አንድ ቅጂ እናስመጣለን፤ በአማርኛ ተርጉመን በስብሰባ ላይ መደብ በመደብ እናነበዋለን። በ«ሌላ አትክልት» ብቻ ሳንወሰን በሽንኩርቱም፣ በድንቹም፣ በቀይ ሥሩም እንገባለን። ድፎዋን የጋገረችው አባላችን፣ ዳኛዋ ካርዱ ላይ «ቅርፊቱ ጥሩ ነው፣ መሐሉ ትንሽ ይቀረዋል» ብለው ጽፈውላት ስለነበር ምድጃዋን መመርመር ጀምራለች። የመግቢያው ክፍያ ሳንቲም ስለሆነ ከማኅበሩ ሣጥን አንጠይቅም፤ ረጂዎቻችን የሰጡን ገንዘብ ለዘርና ለማዳበሪያ ይዋል።

የጎመኗ ባለቤት ለሁለት ሳምንት ያህል «ከእንግዲህ አልሄድም» ስትል ከቆየች በኋላ ባለፈው ቅዳሜ አትክልት ቦታው ላይ አገኘናት። ከጎመኑ መሐል ጎንበስ ብላ ቅጠሎቹን በስንዝር እየለካች እኩል የሆኑትን ትመርጣለች። ስድስት ቆጠረች፤ ላዩን ሳትነካ ከግንዱ ይዛ ሳህን ላይ ደረደረችና ራቅ ብላ አየችው። ከዚያ የቀረውን ለቅማ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ እስር ሰጠችን፣ ከነምራቂው።