ለታብሌትስ ክታብ ያስፈልገዋልን?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንፍራንዝ ሲደርስ፣ ከኮረብታው ላይ የቆመውን የጉዛራን ግንብ ያያል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን፣ ጎንደር ገና ከተማ ሳትሆን እንዳሠሩት ይነገራል። ንጉሡ በግንብና በዘበኛ ሲጠበቅ ከግንቡ በታች የሚኖረው ባላገርም የራሱ ጠባቂ ነበረው፤ ክታብ። የበግ ወይም የፍየል ብራና በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል። ደብተራው ጸሎቱንና አስማቱን ይጽፍበታል፤ ዓይናቸው የፈጠጠ መላእክትን ይስልበታል፤ የባለቤቱንም የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል ያገባል። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በአንዱ ስም የተጻፈ ለሌላው አይሆንም። ባለቤት ሲለወጥ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበት እንደነበር በየቤተ መዘክሩ ያሉት ጥቅልሎች ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ታዲያ ዛሬ ቤቱ ታብሌት ያስገባ የከተማ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ የድሮ ጥያቄ አይደለምን? ኮምፒዩተሬ አንቲቫይረስ አለው፤ ለታብሌቱስ በስሙ ሌላ ልግዛለት?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በእ.ኤ.አ. 1986 በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ፣ ባሲትና አምጃድ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ብሬይን የተሰኘውን ቫይረስ ጻፉ። የሠሩትን የሕክምና ፕሮግራም ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይገለብጠው ነው ብለዋል። ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር በቫይረሱ ውስጥ አስፍረዋል። (እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ ከዚያ ወዲህ አልታየም።) ብሬይን ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ እየተጋባ ዓለምን ዞረ። በእኛ አገር ፍሎፒውን ፍላሽ ዲስክ ተካው። ማመልከቻ ለማስተየብ ፍላሹን ይዞ ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው ፋይሎቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ማግኘቱን ያስታውሳል። በዚያን ጊዜ አንቲቫይረስ የግድ ነበር፤ በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ላይ አንድ ፕሮግራም አንዴ ከገባ የቤቱን ጓዳ ሁሉ ያለ ከልካይ ያስስ ነበርና።

ታብሌት ግን የተሠራው በሌላ ፕላን ነው። በአንድሮይድም ሆነ በአይፓድ እያንዳንዱ አፕሊኬሽን በየክፍሉ ተዘግቶ ይኖራል፤ ያለ ፈቃድ የጎረቤቱን በር አይከፍትም። መልካም ነው። ነገር ግን አንቲቫይረሱም ከተከራዮቹ አንዱ መሆኑን ልብ እንበል። የሌላውን ክፍል ገብቶ መፈተሽ አይችልም። በአንድሮይድ ላይ የተጫኑትን አፕሊኬሽኖችና በጋራ ማስቀመጫው ያሉትን ፋይሎች ያያል፤ በአይፓድ ላይ ይህም የለውም።

ገበያው ግን ይህን አልጠበቀም። በእ.ኤ.አ. 2014 ቫይረስ ሺልድ የተባለ አፕሊኬሽን በጉግል መደብር በአራት ዶላር ገደማ እየተሸጠ ከሽያጭ ሰንጠረዡ አናት ላይ ወጣ። ተከፍቶ ሲመረመር ሥራው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የተጫኑት እንደሆነ የኤክስ ምልክቱን ወደ ትክክል ምልክት ይለውጣል። ባዶ ብራና በቆዳ ሰፍቶ መሸጥ ማለት ይህ ነው። በ2019 ደግሞ ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የተባለው የኦስትሪያ ድርጅት 250 የአንድሮይድ አንቲቫይረሶችን ቢፈትን፣ ከቀረቡላቸው ጎጂ ፕሮግራሞች ከመቶ 30 እጅ በላይ የለዩት 80ዎቹ ብቻ ሆኑ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ይከብዳል። በእ.ኤ.አ. 2020 ይፋ በሆነ ምርመራ፣ ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ውስጥ ትሪያዳና ኤክስ ሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ከካርቶኑ ሳይወጣ ጀምሮ ተጭነው ተገኙ። ስልኮቹ ከተሸጡባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎት እየተመዘገቡ የሞላውን ካርድ ይበሉ ነበር። አፕስትሪም የተባለው ኩባንያ ከ200,000 በላይ በሆኑ ስልኮች የተሞከሩ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን መዝግቧል። አምራቹ ጥፋቱን ስሙን ባልገለጸው አቅራቢ ላይ አሳቦ ማስተካከያ መላኩን ተናገረ። ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር እንኳ አያጸዳውም ነበር። ከመሠረቱ ጋር አብሮ የተቀበረን ሌባ በኋላ የሚከራይ ዘበኛ በምን አቅሙ ያወጣዋል? የአምስት ብር ካርድ ሞልቶ ሁለት ደቂቃ ሳያወራ ያለቀበት ድሃም ሲያማርር የኖረው ቴሌን ነው።

ሌላው ታሪክ ፈገግ ያሰኛል። በ2012 በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት ሞቶሮላ ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው አደለ። እርሱ እንደተናገረው ከአምስት ወር በኋላ ልጆቹ የተቆለፈውን ቅንብር ሰብረው፣ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ባለሙያ የቆለፈውን ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ከከፈተው፣ እናትና አባት በቤታቸው ታብሌት ላይ የሚጭኑት ጠባቂ ስንት ቀን ይቆማል?

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። አፕሊኬሽኖቹን ከጉግል መደብር ብቻ ለሚያወርድና ማሻሻያው በየጊዜው ለሚደርሰው ታብሌት አንቲቫይረስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ጉግል ራሱ ፕሌይ ፕሮቴክት የተባለ ፈታሽ ያለ ክፍያ አብሮ ይሰጣል። ችግሩ ይህ «ብቻ» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ እንጂ ለእንፍራንዝ የተጻፈ አለመሆኑ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር በሌለበት አፕሊኬሽን የሚገኘው ከሙዚቃ ቤት በሚሞር ካርድ ወይም ከጓደኛ በዜንደር ነው፤ ከማን እጅ እንደመጣ አይታወቅም፤ ማሻሻያውም አይደርስም። የፍሎፒው ዘመን ተመልሷል ማለት ይቻላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ስም ካላቸው ኩባንያዎች አንዱ በነፃ የሚሰጠውን አንቲቫይረስ መጫን ክፋት የለውም፤ ቢያንስ ከካርዱ የመጣውን ፋይል ሳይከፈት ያየዋል። ይሁንና እርሱም ቢሆን የአዳዲሶቹን ቫይረሶች ዝርዝር የሚያገኘው በዚያው በተቋረጠው መስመር ነው።

ስለዚህ በእኔ ቤት ቢሆን የምጠይቀው ታብሌቱ ላይ ምን አለ ብዬ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር የብዙ ቤተሰብ ካዝና ሆኗል። ካዝናው በአባት ስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ልጆቹ የሚጫወቱበትና ከሰፈር ልጅ ፊልም የሚቀባበሉበት ታብሌት ላይ ግን ቴሌብርም፣ የባንክ አፕሊኬሽንም፣ ብር የተሞላበት ሲም ካርድም አይግባ። ያን ጊዜ ቫይረሱ ቢገባም የሚያገኘው የልጆቹን ካርቱን ነው።