ዕጣው የሚወድቅበት ሰው፦ ከ«ባሕር ልማድ» እስከ ቴሌቪዥን ድራማ

በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት የነበሩ የእንግሊዝና የአሜሪካ መርከበኞች «የባሕር ልማድ» የሚሉት፣ በየትኛውም ሕግ ያልተጻፈ ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት ነበራቸው፤ ይኸውም መርከባቸው ሰጥሞ በጀልባ የተረፉ ሰዎች ስንቅ አልቆባቸው ለሞት ሲቃረቡ፣ ተገድሎ ለቀሩት ምግብ የሚሆነውን ሰው ዕጣ ተጣጥለው የሚለዩበት ነው። ዕጣ እንደ ትንቢተ ዮናስ መርከበኞች ጥፋተኛውን ለማወቅ ሳይሆን ጥፋተኛ እንዳይኖር ለማድረግ የሚጣል ነበርና፣ ልማዱ በወደብ ከተሞች ዘንድ የተከበረው ሁሉንም እኩል ያደርጋል ተብሎ ስለታመነበት ነው። የተመዘገቡት ታሪኮች ግን ይህን እኩልነት ብዙም አያረጋግጡም።

«ፔጊ» በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ላይ በ1766 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መርከበኞቹ ዕጣ ጥለናል ብለው የመጀመሪያው ሟች በባርነት የተያዘ ጥቁር ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ የዕጣውን ሐቀኝነት ካፒቴኑ ዴቪድ ሃሪሰን ራሱ ተጠራጥሯል። ከናንተኬት የተነሣችው የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ «ኤሴክስ» ኅዳር 1820 በፓስፊክ ውስጥ በዓሣ ነባሪ ተመትታ ከሰጠመች በኋላ፣ በሦስት ጀልባዎች ከተሳፈሩት 20 ሰዎች መካከል በካፒቴን ጆርጅ ፖላርድ ጀልባ የቀሩት አራቱ በየካቲት 1821 ዕጣ ሲጣጣሉ፣ ሞት የካፒቴኑ ዘመድ በሆነው በወጣቱ ኦወን ኮፊን ላይ፣ የመተኮሱ ግዴታም በጓደኛው በቻርልስ ራምስዴል ላይ ወደቀ። ፖላርድ ከዳነ በኋላ ለፍርድ አልቀረበም፤ እንዲያውም ሌላ መርከብ ተሰጠው። በ1842 የፊላደልፊያ ፍርድ ቤት፣ ከተጨናነቀ ጀልባ ተሳፋሪዎችን ወደ ባሕር በወረወረ መርከበኛ ላይ ፍርድ ሲሰጥ፣ ዳኛው ዕጣ መጣል ይገባ ነበር እስከማለት ደርሰዋል።

ልማዱን የሰበረው በ1884 የደረሰው የ«ሚኞኔት» ጉዳይ ነው። ይህች አነስተኛ መርከብ ከእንግሊዝ ወደ ሲድኒ ስትጓዝ ሰጥማ፣ ካፒቴን ቶም ዱድሊ፣ ኤድዊን ስቲቨንስ፣ ኤድመንድ ብሩክስና የ17 ዓመቱ ተላላኪ ሪቻርድ ፓርከር በአንዲት ጀልባ ሲቀሩ፣ ዕጣ የመጣል ሐሳብ ቢነሣም ሳይጣል ቀርቶ፣ የባሕር ውኃ ጠጥቶ የታመመው ፓርከር ተገደለ። ዱድሊ ልማዱ ይከልለኛል ብሎ በማመኑ ወደ አገሩ ሲመለስ የሆነውን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ሕዝቡም በአብዛኛው አዘነለት። ነገር ግን ሎርድ ኮለሪጅ የመሩት ችሎት፣ አስገዳጅ ሁኔታ፣ ማለትም ራስን ለማዳን ሌላ አማራጭ የማጣት ሁኔታ፣ ለነፍስ ግድያ መከላከያ አይሆንም ሲል በዱድሊና በስቲቨንስ ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ፤ ቅጣቱ በኋላ ወደ ስድስት ወር እስራት ተለወጠ። ዕጣው ቢጣልስ ኖሮ ውሳኔው ይለወጥ ነበርን? የችሎቱ አመክንዮ ለዚህ ብዙ ቦታ አይተውም።

በ2021 የጀመረው «የሎውጃኬትስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ፣ በ1996 አውሮፕላናቸው በካናዳ ዱር የተከሰከሰባቸውን የኒው ጀርሲ የሴቶች እግር ኳስ ተጫዋቾች ሲተርክ፣ አውሮፕላኑንና በረዶውን የወሰደው በ1972 በአንዲስ ተራሮች ከተከሰከሰው የኡራጓይ ራግቢ ቡድን ታሪክ ነው። በዚያ አደጋ በአውሮፕላኑ ከነበሩት 45 ሰዎች መካከል 16ቱ ለ72 ቀናት የቆዩት የሞቱትን በመመገብ እንጂ ማንንም በመግደል አልነበረም። ስለዚህ በ2023 የታየው የሁለተኛው ምዕራፍ ስምንተኛ ክፍል ልጃገረዶቹን ካርታ ሲያስመዝዛቸው ሥሩ ከአንዲስ ይልቅ ከባሕሩ ልማድ ጋር ይቀራረባል። የሞቷ ካርታ፣ ቀይ ልብ የተሳለባት ንግሥት፣ ለናታሊ ትደርሳለች፤ እርሷ ስትሸሽና የቀሩት ሲያሳድዷት ግን በረዶው ተሰንጥቆበት የሚሰጥመው ከሁሉም ታናሽ የሆነው የአሠልጣኙ ልጅ ሃቪ ነው። አሳዳጆቹም እንዳይድን ዝም ብለው ካዩት በኋላ፣ የመረጠው ዱሩ ነው ብለው ጥፋቱን ከራሳቸው ያወርዳሉ፤ ደራሲዎቹ የ«ፔጊ»ን መዝገብ ያንብቡም አያንብቡም፣ ዕጣው በማንም ላይ ቢወጣ የሚሞተው ደካማው መሆኑን በትክክል ይዘውታል።