«ማርሽ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ዙር»፤ ስለ ሞተር አዟዟር አነጋገር ታሪክና ስያሜ

አንድ መሣሪያ ከውጭ አገር ሲገባ ስሙን ይዞ መግባቱ የተለመደ ነው። ጠባዩን የሚገልጸው ቃል ግን አብሮት አይመጣም፤ ያን ቃል የሚያወጣለት መሣሪያውን በየዕለቱ የሚይዘው ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ነገሩን ማርሹ በእጅ በሚለወጥ መኪና ምሳሌነት ለማሳየት፣ በተለይም ማርሽ በሚለወጥበት ጊዜ የሞተሩ አዟዟር ከፍና ዝቅ ማለቱን በምን ቃል ልንጠራው እንደሚገባ ለመመርመር የቀረበ ነው።

እንደሚታወቀው አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሳይኛ ቃላት በሥራው ዓለም በረከቱ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣሊያ ወረራ ደግሞ በመንገድ ሥራውና በከባድ መኪናዎቹ አማካይነት የኢጣልያንኛ የጋራዥ ቃላትን አስገባ። እነዚህ ሁለት ንብርብሮች ዛሬም በድምፃቸው ይለያሉ። «ካምቢዮ»፣ «ቮላኖ» እና «ሚኒሞ» የመጨረሻ አናባቢያቸውን እንደ ጠበቁ የቀሩ የኢጣልያንኛ ቃላት ናቸው። «ፍሬን» ግን ከኢጣልያንኛው «ፍሬኖ» ይልቅ ለፈረንሳይኛው አነጋገር ይቀርባል። «ማርሽ»ም ከኢጣልያንኛው «ማርቻ» የመጣ ነው ሊባል ቢችልም፣ «ፍሬቻ» የሚለው ቃል «ቻ»ን ጠብቆ ሳለ «ማርሽ» «ሽ»ን መያዙ ወደ ፈረንሳይኛው ይጠቁመናል፤ ምንም እንኳ ፈረንሳዮች ቃሉን በመኪና ረገድ በይበልጥ የሚሠሩበት ለኋላ ማርሽ ቢሆንም። «ፍሪሲዮን» በአንጻሩ የኢጣልያንኛ ነው፤ ፈረንሳዮች ይህንኑ ክፍል «አምብራያዥ» ይሉታልና።

ስሞቹ እንዲህ ከሁለት በር ቢገቡም ግሦቹ ግን ሙሉ በሙሉ የአማርኛ ናቸው። ነጂ ሞተር ያስነሣል፤ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ይለቃል፤ ማርሽ ያስገባል፣ ይለውጣል፣ ያወርዳል፤ ነዳጅ ይሰጣል። ሞተሩም ይነሣል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል። ከዚህ የምንረዳው ዕቃው የተዋሰ፣ አያያዙ ግን የራሳችን መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ 1.4 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ የሚዞርበትን፣ በአራተኛ ማርሽ ግን ሁለቱ እኩል የሚዞሩበትን መኪና እናስብ። በሦስተኛው ማርሽ በደቂቃ 2,800 ጊዜ የሚዞር ሞተር፣ የመኪናው ፍጥነት ሳይለወጥ ወደ አራተኛ ሲገባ ወደ 2,000 መውረድ አለበት። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ሲመለስም ከ2,000 ወደ 2,800 መውጣት ግድ ይሆንበታል። በመካከሉ፣ ፍሪሲዮኑ እንደ ተረገጠ፣ ሞተሩ ከጎማው ተለይቶ ብቻውን ነው። ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ካላነሣ ሸክሙ የቀለለለት ሞተር በድንገት ይጮኻል። ካነሣ ደግሞ ቮላኖው ከባድ ስለሆነ አዟዟሩ ወዲያው ሳይሆን ቀስ እያለ ይወርዳል። ፍሪሲዮኑ ያረጀ እንደሆነም፣ እግር ከፍሪሲዮኑ ተነሥቶ ሳለ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይፈጥንም። በእነዚህ ሁሉ የመኪናው ፍጥነትና የሞተሩ አዟዟር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ መኪናዎች የተጀመረው ሲንክሮናይዘር ከመስፋፋቱ በፊት ነጂው ይህን የማመጣጠን ሥራ በራሱ ጆሮና እግር ይፈጽመው ነበር። ማርሽ ለማውረድ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፤ ማርሹን ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ ፍሪሲዮኑን ለቆ ነዳጅ ይሰጣል፤ ከዚያም ዳግመኛ ረግጦ ታችኛውን ማርሽ ያስገባል። ልኩን ከሳተ የማርሹ ጥርሶች ይፋጫሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የልዩነቱን ክብደት የተማረው በስሕተቱ ነው። በወጣትነቱ አንድ የነጂዎች መምሪያ እንዲተረጉም ተሰጥቶት፣ «ወደ ታችኛው ማርሽ ሲለወጥ የሞተሩ ፍጥነት ይጨምራል» ብሎ ጻፈ። ረቂቁን ያነበቡ አንድ አረጋዊ የመኪና መንዳት አስተማሪ፣ «ልጄ፣ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ማርሽ የምናወርደው መኪናው እንዲፈጥን ነውን?» ሲሉ ጠየቁ። ከዚያም ቀጥለው፣ «የሚጨምረው ዙሩ ነው፤ መኪናውማ ይያዛል» አሉ። በእርግጥም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ጀማሪ ነጂ ያን ዐረፍተ ነገር ቢያምን ማርሽ ከማውረድ ይልቅ በፍሬን ብቻ ሊተማመን፣ ፍሬኑም ግሎ ሊከዳው ይችል ነበር። ቃሉ በሰዋስው ረገድ እንከን አልነበረውም፤ አደጋው የነበረው በትርጉሙ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ስያሜዎችንም መዝነናል። «ሽክርክሪት» የአዟዟሩን መልክ ይገልጻል እንጂ ለቁጥር አይመችም። «ምት» ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ ለሚያደርገው ጉዞ የተያዘ ቃል ነው። «ዙር» ግን ከ«ዞረ» የወጣ፣ በዕቁብም በሩጫም አንድ ተብሎ ሁለት ተብሎ የሚቈጠር፣ አንድ ሙሉ ክብ መጠናቀቁን የሚያመለክት ቃል ነው። ከሁሉም በላይ በባለሙያው አፍ ይገኛል።

ስለሆነም ተርጓሚዎች «የሞተር ዙር»ን ከ«የመኪና ፍጥነት» ለይተው እንዲጠቀሙ እናሳስባለን። ሸክም የሌለበት ሞተር በድንገት ሲጮኽ «ዙር መናር»፣ ነዳጅ ሲቋረጥ «ዙር መውረድ»፣ ነጂው ዙሩን ከሚገባው ማርሽ ጋር ሲያስማማ «ዙር ማመጣጠን» ቢባል አማርኛው ይሸከመዋል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር ግን ጋራዡ «ሚኒሞ» ብሎ ስለ ለመደው እንዲሁ መተው ይሻላል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ማርሽ የማይለወጥባቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። የሞተሩን ዙር በጆሮው ለክቶ ማርሽ የሚለውጠው ነጂ እየቀነሰ ሲሄድ ቃሉም አብሮት መሄዱ አይቀርም። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ወደ ጋራዡ የሚሄድበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው።