ወላጅ በድንገት ሲወድቅ፦ በዴንቨርና በአውሮራ የአረጋውያን እንክብካቤና ክፍያው

በዴንቨርና በአውሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን በግሪን ካርድ አምጥተን አብረን እንኖራለን። እናት የልጅ ልጅ እያሳደጉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ ዓመታት ይነጉዳሉ። አንድ ቀን ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይወድቃሉ፤ 911 ይጠራል። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር መጥታ «ነገ ይወጣሉ፤ ወዴት ይሂዱ?» ትላለች። ቤተሰቡ ተደናግጦ መጠየቅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ወጪውን ማን እንደሚችለው ግን በአብዛኛው ቀድሞ ያለቀ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ሆስፒታል ውስጥ

በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «እናቴ የተመዘገቡት ኢንፔሸንት ተብለው ነው ወይስ ኦብዘርቬሽን?» አልጋው ያው ነው፣ ነርሷም ያችው ናት፤ ሂሳቡ ግን የተለያየ ነው። መደበኛው ሜዲኬር ከሆስፒታል በኋላ ለማገገሚያ ነርሲንግ ሆም የሚከፍለው ታማሚው ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀናት በኢንፔሸንትነት ከተኛ ነው። የኦብዘርቬሽን ቀናትና የሚወጡበት ቀን አይቆጠሩም። ይህ ከተሟላና በየቀኑ የባለሙያ ሕክምና የሚያስፈልግ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ያለ ክፍያ ናቸው። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ያለው የታማሚው ድርሻ በ2025 በቀን 209.50 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዲኬር እጁን ያነሳል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያላቸው ሰዎች የኩባንያቸውን ደንብና ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው።

በኢንፔሸንትነት የተኙት ወላጅዎ ለመውጣት ገና ናቸው ብለው ካመኑ፣ ሆስፒታሉ በሚሰጥዎ የሜዲኬር ወረቀት ላይ ባለው ስልክ እስከ መውጫው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለ። የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ ለአያቱ የሐኪም ቃል እንዲተረጉም አያድርጉ።

ለ. ሜዲኬር ለማን?

ራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው እዚህ አገር 10 ዓመት ያህል ሠርተው ግብር የከፈሉ ሰዎች 65 ዓመት ሲሞላቸው የሆስፒታሉን ክፍል፣ ማለትም ፓርት ኤን፣ በነፃ ያገኛሉ። ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ደግሞ 65 ዓመት ከሞላቸውና በግሪን ካርድ 5 ዓመት በተከታታይ ከኖሩ ገዝተው መግባት ይችላሉ። በ2025 ፓርት ኤ በወር 518 ዶላር፣ ፓርት ቢ 185 ዶላር ነበር። 5 ዓመት ያልሞላቸው በኮኔክት ፎር ሄልዝ ኮሎራዶ በኩል የግል ኢንሹራንስ መግዛት ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው፣ ሜዲኬር አይከፍልም። ለነርሲንግ ሆም ደግሞ ከኪስ በወር 10,000 ዶላር አካባቢ መክፈል እንግዳ ነገር አይደለም።

ሐ. ሜዲኬይድ

ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ በኮሎራዶ ስሙ ሄልዝ ፈርስት ኮሎራዶ ይባላል። ግሪን ካርድ ያላቸው አረጋውያን በአብዛኛው 5 ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ስደተኛ ሆነው ለመጡና ጥገኝነት ላገኙ ሰዎች ደንቡን በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ስለለወጠው ካውንቲውን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የአንድ ሰው ንብረት ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና በአብዛኛው አይቆጠሩም። ባለፉት 5 ዓመታት ለልጅ የተሰጠ ገንዘብ ወይም ቤት ይመረመራል፣ ቅጣትም ያስከትላል። ስለዚህ «በእማማ ስም ያለውን ቶሎ ወደ እኔ ላዙር» የሚለው ምክር አደገኛ ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ለሚኖሩበት ካውንቲ ነው። አውሮራ በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ካውንቲዎች ላይ ስለተዘረጋች አድራሻዎ የትኛው ውስጥ እንደሆነ ያረጋግጡ። የኬዝ ማኔጅመንት ድርጅቱ ወላጅዎ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ይመዝናል። ተቀባይነት ካገኙ ነርሲንግ ሆም መግባት ግዴታ አይደለም፤ ቤታቸው ሆነው መረዳት ይችላሉ። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ልጅ ወይም ዘመድ ተቀጥሮ እየተከፈለው ይንከባከባል። ፔስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ሐኪሙን፣ መድኃኒቱን፣ የቀን መዋያውንና መጓጓዣውን አንድ ላይ ያቀርባል፤ በዴንቨርና በአውሮራ ኢኖቭኤጅ ያካሂደዋል።

መ. ኢንሹራንስ ለሌላቸው

ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ የኮሎራዶ ሆስፒታሎች ኢንሹራንስ የሌለውን ታካሚ ለቅናሽ መመርመር ግዴታ አለባቸው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታው አያግድም። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራል የድህነት መስመር 250 በመቶ ካልበለጠ፣ የሆስፒታሉ ወርሃዊ ክፍያ ከገቢው 4 በመቶ አይበልጥም፤ ለብቻው የሚያስከፍል ሐኪም ደግሞ ከ2 በመቶ አይበልጥም። ከ36 ወር ክፍያ በኋላ ዕዳው እንዳለቀ ይቆጠራል። ይህ ግን ለሆስፒታል እንጂ ለነርሲንግ ሆም አይሠራም።

ሠ. ሥራና ውክልና

በኮሎራዶ የሚሠሩ ከሆነ ፋምሊ የተባለው የክፍለ ሀገሩ ፕሮግራም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ወላጅ ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ከፊል ደመወዝ ይከፍላል። ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት ይህን ይጠይቁ።

ወላጅዎ አእምሯቸው ጤነኛ ሳለ የሕክምና ውክልና ይስጡ። ውክልና ከሌለ፣ ራሳቸው መወሰን ያልቻሉ ዕለት ዘመዶች ተሰብስበው አንድ ሰው በስምምነት መምረጥ ይኖርባቸዋል። አንዱ ልጅ አውሮራ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ቤይሩት ሆነው በስልክ መስማማት ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ የምናዘገየው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም አለበት። «እናቷን ለሰው ሰጠች» መባልን እንፈራለን፣ በወላጅ ፊት ስለ መድከም ማንሳትም ሟርት ይመስለናል። ብዙዎቻችን የእድር አባል ነን፤ እድር ግን የሚደርሰው ለቀብር ነው። ከመውደቅ እስከ ሞት ያለው ጊዜ ዓመታት ሊሆን ይችላል፣ ለዚያም የሚደርስ ዝግጅት ያስፈልገዋል። በዚህ እሑድ ከቡና በኋላ ሦስት ጥያቄ ያንሱ፦ ግሪን ካርዱ የወጣው መቼ ነው? በስማቸው ምን ንብረት አለ? ራሳቸው መናገር ቢያቅታቸው ማን እንዲናገርላቸው ይፈልጋሉ? መልሱን በአንድ ወረቀት ጽፈው ከፓስፖርታቸው ጋር ያኑሩት።

ወላጆቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።